የጤና ጣቢያን ካርድ ክፍል ወደ ኮምፒውተር ማዛወር፦ ለድሬዳዋና ለአካባቢዋ

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል መስኮት ፊት ቁሙ። ሃያ ሠላሳ ሰው ተሰልፏል፤ ከውስጥ ሁለት ሠራተኞች በመደርደሪያው መካከል ይመላለሳሉ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ «እዚሁ ታክሞ ያውቃል፣ ካርድ አለው» ትላለች። የካርድ ቁጥሩ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ግን የለችም። ሠራተኛዋ የስም ካርድ ሣጥኑን ታገላብጣለች፣ ታጣለች፣ ሰልፉን ታያለች፤ «በቃ አዲስ እናውጣለት» ትላለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጁ በጤና ጣቢያው ዘንድ ሁለት ሰው ነው። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የተጻፈው በአንደኛው ፎልደር ነው፤ ዛሬ ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው ሌላኛው ነው።

ኮምፒውተር ይህን ሊያስቀር ይችላል። ሥራው በችኮላ ከተሠራ ደግሞ ያው ልጅ ሦስትና አራት ሰው ይሆናል፣ ያውም ማንም ሳያየው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ ለካርድ ክፍል አስተባባሪዎችና ለመረጃ ባለሙያዎች ነው። ትምህርት ቤት ወይም የቀበሌ መዝገብ ቤት የምትመሩም አብዛኛው ይመለከታችኋል፤ ስም፣ ቀንና መብራት ለሁሉም ያው ነውና። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበን አንድ ሰው አንድ መዝገብ እንዲኖረው ነው፤ ሌላው ሁሉ በዚያ ላይ የሚቆም ነው።

መጀመሪያ ቁጠሩ

ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ለቆጠራ ስጡ። ከመደርደሪያው አንድ ሜትር ለክታችሁ በውስጡ ስንት ፎልደር እንዳለ ቁጠሩ፤ ከዚያ በጠቅላላው የመደርደሪያ ርዝመት አባዙት። ቀጥሎ ከየቦታው 100 ፎልደር አውጡና ሦስት ነገር መዝግቡ፦ በአማካይ ስንት ገጽ አላቸው፣ ስንቱ ባለፉት ሦስት ዓመታት አልተከፈተም፣ ስንቱ የአንድ ሰው ድጋሚ ካርድ ነው። በዚያው ሳምንት በየጠዋቱ አሥር ሕሙማን መርጣችሁ መስኮት ላይ ከደረሱበት ካርዳቸው እስከተገኘበት ድረስ ያለውን ደቂቃ ጻፉ። ይህ ቁጥር በእጃችሁ ከሌለ፣ ከስድስት ወር በኋላ «ሲስተሙ ጠቀመን ወይ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ የምትመልሱት በግምት ይሆናል።

ከቆጠራው በኋላ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሐሳብ «ሁሉንም ስካን እናድርግ» የሚል ነው። አስሉት። 15,000 ፎልደር ኖሮ እያንዳንዱ 12 ገጽ ቢይዝ 180,000 ገጽ ነው። አንድ ሰው ሽቦ እየነቀለና የታጠፈ ወረቀት እያቃና፣ ሌላው ስካን እያደረገና ፋይሉን እየሰየመ፣ ሁለቱ ተባብረው በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ገጽ ቢጨርሱ ጥሩ ሠርተዋል። ያ ማለት ከ150 እስከ 180 የሥራ ቀን ነው፤ ሕመም፣ ስብሰባና የመብራት መጥፋት ሳይታሰብ። ቦታው አያሳስብም፤ በ300 ዲፒአይ ጥቁርና ነጭ የተነሣ ገጽ ተጨምቆ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ ቢይዝ ጠቅላላው 90 ጊጋባይት ነው። የሚያልቀው የሰው ጉልበት ነው። የዚህ ዓይነት ሥራ ሦስተኛው ወር ላይ ሲቆም፣ ግማሹ ካርድ በኮምፒውተር ግማሹ በመደርደሪያ ይቀርና ሠራተኛዋ በሁለቱም ቦታ መፈለግ ግድ ይሆንባታል።

ስለዚህ ማውጫውን አስቀድሙ። ከእያንዳንዱ ፎልደር ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ፆታ፣ የትውልድ ዓመት፣ ስልክ፣ ቀበሌና የድሮው ካርድ ቁጥር ብቻ ይግባ። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ብንሰጥ 15,000 ፎልደር 500 ሰዓት ነው፤ ሁለት ጸሐፊዎች በቀን አምስት አምስት ሰዓት ቢሠሩ በ50 ቀን ያልቃል። ስካኑ ደግሞ ሕመምተኛው ሲመጣ ይሁን፤ ያኔም ፎልደሩ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን የመጨረሻው የላብራቶሪ ውጤት፣ የአለርጂ ማስታወሻ፣ የክትባት ካርድና የክትትል ቅጹ ይበቃል። ሳይመጡ መጀመር የሚገባቸው የቲቢ፣ የኤች አይ ቪ፣ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ያላቸው ናቸው። ቀጠሮ ያለፈባቸውን ሰዎች በየጠዋቱ ዘርዝሮ ማውጣት ከሲስተም ከሚገኘው ጥቅም ሁሉ ለሕይወት የሚቀርበው ነውና።

ስም፦ ሥራው ሁሉ የሚበላሽበት ቦታ

ከውጭ የመጡ ፕሮግራሞች «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ይዘው ይመጣሉ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ሁለተኛዋ ሳጥን ውስጥ አንዱ ጸሐፊ የአባት ስም፣ ሌላው የአያት፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ያስገባል። ሦስት የተለያዩ ሳጥኖች ይኑሩ፤ ሦስቱም ግዴታ ይሁኑ። አራተኛ የእናት ስም ጨምሩ፤ ለምን እንደሚጠቅም ከታች እንመለስበታለን። ስም ያልወጣለት ሕፃን «የእገሊት ልጅ» ተብሎ ከእናቱ መዝገብ ጋር ይታሰር፤ መንታ ከሆኑ «1» እና «2» ይባሉ። ስም ሲወጣ የሚቀየረው ስሙ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ አይነካም።

ከዚያ ፊደሉ ይመጣል። «ኃይሉ» የሚለውን አንዱ በ«ሀ»፣ አንዱ በ«ኃ»፣ አንዱ በ«ሃ» ይጽፈዋል፤ ለኮምፒውተሩ ሦስቱ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ጸሐፊዎችን «አንድ ዓይነት ጻፉ» ብሎ ማዘዝ ለሁለት ሳምንት ይሠራል። መፍትሔው ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ትቶ፣ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል የተደበቀ ቅጂ ማሠራት ነው። ፕሮግራሙን የሚሠራላችሁን ሰው ቃል በቃል እንዲህ በሉት፦

ሐን፣ ኀንና ኸን ወደ ሀ መልስ፤ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ። ጐን ከጎ፣ ቈን ከቆ፣ ኰን ከኮ ጋር አንድ አድርግ። ይህን ከጨረስክ በኋላ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ግዕዙ ቤት፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው ፊደል መልሰው።

የመጨረሻዋ እርምጃ በእኛ ከተማ ዋጋዋ ብዙ ነው። መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሃመድ፣ ማሀመድ ተብሎ በአራት መልክ የሚጻፈው ስም በዚህ መንገድ ሁሉም «መሀመደ» ይሆናል። ኢብራሂምና ኢብራሒም «አበረሀመ» ላይ ይገናኛሉ። ፋጡማና ፋቱማ ግን አይገናኙም፤ አብዱልቃድርና አብዱልካድርም እንዲሁ። ስለዚህ ለፍለጋ ሲባል ጠን ከተ፣ ቀን ከከ ጋር የሚያቀራርብ ሁለተኛ ሙከራ ይጨመር፤ የመጀመሪያው ፍለጋ ባዶ ሲሆን ብቻ ይሥራ፣ አለበለዚያ የማይገናኝ ስም ሁሉ ይዘረገፋል።

በላቲን ፊደል የተጻፈ መታወቂያ ይዞ የሚመጣው ሰው ሌላ ፈተና ነው። የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ቢሆንም መስኮቱ ላይ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ ይሰማል። ሶማልኛ ሲጻፍ ዐይን በላቲኑ «ሲ»፣ ሐ ደግሞ በ«ኤክስ» ይወከላል። ስለዚህ ያው ዐብዲ በአንድ መታወቂያ ላይ በ«ሲ»፣ በሌላው ላይ በ«ኤ» ይጀምራል። በቁቤ የተጻፈ ስምም ፊደል እየደጋገመ ስለሚሄድ ከፓስፖርቱ ጋር አይመሳሰልም። ጸሐፊው በራሱ ግምት እንዳይተረጉም። ዋናው ስም በግዕዝ ፊደል ይግባ፤ «መታወቂያው ላይ እንዳለ» የሚል የተለየ ሳጥን ይኑርና ላቲኑ አንድም ፊደል ሳይቀየር ይገልበጥ።

አሁን መስኮቱ ላይ እንመለስ። አንድ ሰው «መሐመድ አሕመድ» ሲል ሲስተሙ አሥራ አምስት ሰው ያወጣል። ጸሐፊው በአያት ስም፣ በፆታ፣ በሁለት ዓመት ወዲህና ወዲያ በሆነ የትውልድ ዓመት፣ በሰፈር ያጣራል፤ ሁለት ሦስት ሰው ይቀራል። እዚህ ላይ የእናት ስም ይጠየቃል፤ አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። «እናትዎ ፋጡማ ናቸው?» ተብሎ የተጠየቀ፣ በተለይ የደከመውና ቋንቋው ያልተመቸው ሰው፣ «አዎ» ይላል። «የእናትዎ ስም ማን ነው?» በሉና ራሱ ይናገር። ስልክ ብቻውን አይታመንም፤ አንድ ስልክ የመላው ቤተሰብ ሆኖ ብዙ ቦታ አለ።

ሁለት መዝገብ የአንድ ሰው ሆኖ ሲገኝ ማዋሃድ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ሥልጣን አይሁን። እሷ «ይመስለኛል» ብላ ምልክት ታድርግ፤ የመረጃ ባለሙያውና አንድ የሕክምና ባለሙያ አብረው አይተው ያዋህዱ። የተዋሃደው ተመልሶ የሚለያይ መሆኑን ሲስተሙን ስትረከቡ በዓይናችሁ እዩ። ድጋሚ ካርድ መጥፎ ነው፤ የሁለት ሰው ታሪክ በስሕተት አንድ ላይ ሲሰፋ ግን የማያውቁት ሰው የደም ዓይነትና መድኃኒት በራስ ላይ ይጻፋል።

የፋይዳ ቁጥር ያለው ሰው ሥራውን ያቀልላችኋል፤ ጠይቁ፣ መዝግቡ። ግን ካርድ ለማውጣት ቅድመ ሁኔታ አታድርጉት። ከዋሂል ወይም ከቢዮ አዋሌ ምጥ ይዟት የመጣች እናት ቁጥር ኖራት አልኖራት ትገባለች። ሌላው ጥንቃቄ ኤክሴልን ይመለከታል። ኤክሴል ቁጥር የሚይዘው እስከ 15 አሃዝ ነው። ባለ 16 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር እንደ ቁጥር ከገባ የመጨረሻው አሃዝ ወደ ዜሮ ይቀየራል፤ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ተመልሶም አይገኝም። የስልክም የፊቱ ዜሮ ይጠፋል። መረጃ ከመግባቱ በፊት እነዚህን ዓምዶች «ቴክስት» አድርጓቸው። ዝርዝር ስታስተላልፉ ደግሞ «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መርጣችሁ አስቀምጡ፤ አለዚያ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይከፈታል። በድሮ የግዕዝ ፎንቶች፣ ለምሳሌ በቪዥዋል ግዕዝ፣ የተጻፉ ዝርዝሮች ካሏችሁ ወደ ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚያነቡት የፊደል ኮድ) በሚቀይር ፕሮግራም ካለፉ በኋላ ከየመቶው አሥሩን ሰው አንብቦ ያረጋግጥ።

ቀንና ሰዓት

በታኅሣሥ 2015 የተወለደ ልጅ ዓመተ ምሕረቱ ሳይቀየር በፈረንጅ አቆጣጠር ሳጥን ውስጥ ከገባ፣ ሲስተሙ ሰባት ዓመት ከምናምን ይጨምርበታል። የክትባት ዝርዝሩ «አልፎበታል» ይላል፣ በዕድሜ የሚታሰበው የመድኃኒት መጠንም ይሳሳታል። ፕሮግራሙን የሚሠራው ሰው (ገንቢው) «ወደ ሐበሻ ቀን ይቀይራል» ካላችሁ ሁለት ቀን አስገብታችሁ ፈትኑት። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ሊያወጣ ይገባል፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023። ጳጉሜን 6ን «የሌለ ቀን» ብሎ የሚመልስ ፕሮግራም በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ሕሙማን መመዝገብ አይችልም።

ዕድሜያቸውን በግምት የሚናገሩ ብዙ ናቸው። ጸሐፊው «መስከረም 1» ብሎ እንዳይሞላላቸው፤ ዓመቱ ብቻ ይግባና «በግምት» የሚል ምልክት ይደረግበት። የመድኃኒት ፌስታል ላይ የሚታተመው ሰዓት «8፡00» ከሚል «ጠዋት»፣ «ማታ» ቢል ይሻላል፤ የኮምፒውተሩ ስምንት ሰዓትና የታካሚው ስምንት ሰዓት ስድስት ሰዓት ይራራቃሉና። የወር ሪፖርቱ ከ21 እስከ 20 የሚዘጋ መሆኑን ለገንቢው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከወሩ 1 እስከ 30 የሚደምር ሪፖርት በየወሩ በእጅ መታረም ይኖርበታል።

መብራት፣ ሙቀት፣ አቧራ፣ ጎርፍ

ድሬዳዋ ለማሽን ቀላል ከተማ አይደለችም። ዋናውን ኮምፒውተር ወይም ሰርቨር ከመሬት ወለል አንሡ፤ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ያላችሁ ደግሞ አደራ። በ1998 ክረምት ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰበትን ጎርፍ ከተማው አልረሳውም፤ ወረቀትና ማሽን የሚያስቀምጥ ተቋምም ሊረሳው አይገባም። ፎቅ ከሌላችሁ ከመሬት ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ያለ ግድግዳ ላይ የታሰረ የብረት መደርደሪያ አሠሩ፤ የመረጃውን ቅጂ ግን ውሃ በማይደርስበት ሌላ ሰፈር አኑሩ።

ለመስኮት ሥራ ዴስክቶፕ ከመግዛት ላፕቶፕ ይሻላል፤ የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድ ሠራተኛዋ የጀመረችውን ትጨርሳለች። ለሰርቨሩ፣ ለስዊቹና ለራውተሩ ባትሪ እንዲህ ይሰላል። ሦስቱ በድምሩ 120 ዋት ይወስዳሉ እንበል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ቶሎ ስለሚሞት 600ውን ብቻ ቁጠሩ፤ የባትሪውን ኃይል ለማሽኖቹ የሚቀይረው ኢንቨርተር ከዚያ 15 በመቶውን ይበላል፣ 510 ይቀራል። ለ120 ዋት ሲካፈል አራት ሰዓት ከሩብ ነው። ተራ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ ሣጥን) ለአንድ ዴስክቶፕ የሚቆየው የተወሰነ ደቂቃ ነው፤ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት እንጂ ለመሥራት አይሆንም። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ዩፒኤሱን ያጠፋዋል።

ሙቀቱን አትናቁት። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ የሚሰጠው በ25 ዲግሪ ታስቦ ነው፤ ከዚያ በላይ በየአሥር ዲግሪው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በካርቶኑ ላይ አራት ዓመት የተባለ ባትሪ 35 ዲግሪ በሚደርስ ዝግ ክፍል ሁለት ዓመት ቢቆይ ነው። የሚተካበትን ወር አስቀድማችሁ በበጀት ያዙ፤ ባትሪው ላይም የተገጠመበትን ቀን በማርከር ጻፉ። ሰርቨሩ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥርና ምዕራብ ከሚያይ መስኮት ይራቅ። በየወሩ መጀመሪያ ማቀዝቀዣ ፋኑ ይከፈትና አቧራው በብሩሽ ይጠረግ። ኮምፒውተር ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ «ይቆማል»፣ ጠዋት ደህና ይሠራል ከተባለ ብዙ ጊዜ ቫይረስ አይደለም፤ ፋኑ በአቧራ ተዘግቶ ነው።

ሐረር ቀዝቀዝ ስለምትል ይህ ይቀላል። ጀጎል ውስጥ በድሮ የድንጋይ ቤት የምትሠሩ ግን ወፍራሙ ግንብ ዋይፋይ ስለማያሳልፍ ከክፍል ክፍል ኬብል ዘርጉ።

መብራትም ባትሪም የሚያልቅበት ቀን አይቀርም። ለዚያ ቀን በእያንዳንዱ መስኮት ታትሞ የተቀመጠ የወረቀት ቅጽና ከፊቱ የተያዘ የካርድ ቁጥር ይኑር፤ ለምሳሌ ከ90001 እስከ 90200። ሲስተሙ እነዚህን ለማንም አይሰጥም፤ በወረቀት የተመዘገበ ሰው ከእነርሱ ይወስዳል፣ መብራት ሲመጣ በዚያው ቀን ይገባል። ለነገ ያደረ ቅጽ ይጠፋል። ልምምድ አድርጉ፦ በወር አንድ ቀን፣ ሰልፉ በበዛበት ሰዓት፣ ሰርቨሩን ለ30 ደቂቃ አውቃችሁ አጥፉ። በመጀመሪያው ልምምድ ቅጹ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል፤ በሦስተኛው ሰልፉ አይቆምም።

ቅጂ

ሦስት የውጭ ሃርድ ዲስክ ግዙ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብላችሁ ጻፉባቸው። ማታ ሥራ ሲያበቃ የዕለቱ ቅጂ በአንዱ ላይ ይወሰድና ዲስኩ ይነቀል። «ይነቀል» የምንለው በምክንያት ነው፦ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲገባ የተሰካውን ዲስክ ጭምር ይቆልፋል። አንዱ ዲስክ ምንጊዜም ከግቢው ውጭ፣ በሌላ ጤና ጣቢያ ወይም በበላይ መሥሪያ ቤቱ ካዝና ይደር፤ በየሳምንቱ ይለዋወጡ። ዲስኮቹ በይለፍ ቃል የተቆለፉ ይሁኑ፤ ቃሉ በሁለት የታሸገ ፖስታ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። የጠፋ ዲስክ ሳይቆለፍ ከጠፋ የከተማው ሰው ሕመም ሁሉ ገበያ ወጣ ማለት ነው።

ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ እንደሌለ ቁጠሩት። በወር አንድ ጊዜ ከሲስተሙ ጋር ባልተያያዘ ኮምፒውተር ላይ ቅጂውን መልሳችሁ ጫኑ፣ በዚያ ሳምንት ከተመዘገቡ አምስት ሰዎች መዝገባቸውን ክፈቱ፣ የላብራቶሪ ውጤታቸው መኖሩን እዩ፤ ያደረገው ሰው በደብተር ላይ ፈርሞ ቀን ይጻፍ። ዲስኩ ላይ ለወራት ባዶ ፋይል ሲጻፍ ቆይቶ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው።

ፍላሽ በአካባቢያችን ዋናው የቫይረስ መንገድ ነው። ፎልደሮች ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው ከታዩ አትክፈቱ፤ ፋይሉ ብዙ ጊዜ ተደብቆ እንጂ ጠፍቶ አይደለም። ለሪፖርት ማመላለሻ አንድ የታወቀ ፍላሽ መድቡ፤ በሌሎቹ ኮምፒውተሮች ላይ የፍላሽ ቀዳዳው ይዘጋ። የፊልም ፍላሽ ሰርቨር ላይ የሰካ ሠራተኛ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ አግኝቶት ነው።

ማን ምን ያያል

ከዚራም ሆነ መጋላ፣ ሰው ሰውን ያውቃል። በወረቀት ዘመን የጎረቤቱን ሕመም ማወቅ የፈለገ ሠራተኛ መደርደሪያው ድረስ ሄዶ ፎልደር ማውጣት ነበረበት፤ ሰው ያየዋል። አሁን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስም መጻፍ ይበቃዋል። አደጋው ይህ ስለሆነ በሥራው ልክ ይከፋፈል፦ ካርድ ክፍል ስምና ቁጥር፣ ገንዘብ ክፍል ሂሳብ፣ ፋርማሲ የታዘዘ መድኃኒት። የኤች አይ ቪ ውጤት የሚያክመው ባለሙያ ብቻ ይየው።

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያ ይኑረው። «ካርድ1» በሚል አንድ መግቢያ አራት ሰው ከሠራ፣ ማን ምን እንደከፈተ ማወቅ አይቻልም፤ ጥፋት ሲገኝም ያላጠፋው አብሮ ይጠረጠራል። ስክሪኑ ከሦስት ደቂቃ ዝምታ በኋላ ራሱ ይቆለፍ። የለቀቀ ወይም የተዛወረ ሠራተኛ መግቢያ በዚያው ቀን ይዘጋ፤ የመልቀቂያ ወረቀት ላይ ይህን የሚያረጋግጥ ፊርማ ጨምሩ። ኃላፊው በየሳምንቱ ከመዝገብ አከፋፈት ዝርዝር ሃያውን በዕጣ አውጥቶ «ይህን ሰው በዚያ ቀን ለምን ከፈትከው?» ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄው እንደሚመጣ ሲታወቅ ከጉጉት የሚከፈተው ይቀንሳል።

ስክሪኑ ወደ ሰልፉ እንዳይዞር። ስም ስትጠሩ ክፍሉን አትጥሩ፤ «ለቲቢ ክትትል እገሌ» ማለት ኮሪደሩ ላይ ማወጅ ነው፤ «ክፍል 7» በቂ ነው። የውጤት ፎቶ በቴሌግራም መላላክ ይቁም። ለምክክር ካስፈለገ ስምና ቁጥር ይሸፈን። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ይቆጥረዋል፤ ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሲስተም መግባትም በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። ሠራተኞች ይህን ሥራ ሲጀምሩ አንብበው ይፈርሙ።

ውሉ

ፕሮግራሙን የሚሠራው ወጣት ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ነገ ግን አዲስ አበባ ሥራ ያገኛል። ስለዚህ በውሉ ላይ አራት ነገር በግልጽ ይጻፍ። መረጃው የጤና ጣቢያው ነው። በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በኤክሴል ሊከፈት በሚችል መልክ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። የዋናው አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ በኃላፊው ካዝና ይቀመጣል፤ ሲቀየር ፖስታውም ይቀየራል። ብልሽት ሲነገረው በስንት ሰዓት መልስ እንደሚሰጥ ይጻፋል። ክፍያውን ከፋፍሉ፤ ለምሳሌ 30 በመቶ ሲጀመር፣ 40 ከላይ የጠቀስናቸውን የስምና የቀን ፈተናዎች ሲያልፍ፣ ቀሪው 30 ከሦስት ወር ሥራ በኋላ። ሙሉ ክፍያ በርክክብ ቀን የተቀበለ ሰው ስልክ ቶሎ አያነሣም። ከመፈረማችሁ በፊት ከጤና ቢሮው ጠይቁ፤ በላይ ከሚሠራው ሲስተምና ከዲኤችአይኤስ 2 (የጤና ሪፖርት መሰብሰቢያው ሲስተም) ሪፖርት ጋር የማይናበብ ፕሮግራም ለጸሐፊዎቻችሁ ድርብ ሥራ ነው።

አገባቡ

በአንድ ቀን ሁሉንም ክፍል አታስገቡ። ካርድ ክፍል ይጀምር፤ ፍለጋው ሲረጋ ገንዘብና መድን፣ ቀጥሎ ላብራቶሪ፣ ቀጥሎ ፋርማሲ። ፋርማሲ ሲገባ የመድኃኒቱን ማብቂያ ቀን አብሮ ይመዝግብ፤ በሦስት ወር ውስጥ የሚያልፍበት መድኃኒት በየሳምንቱ ተዘርዝሮ ከወጣ፣ የሚቃጠለው ለሌላ ጤና ጣቢያ ይደርሳል። ሐኪሞች መጨረሻ ይሁኑ። በቀን አርባ ሰው የሚያይ ሐኪም በአንድ ጣት አማርኛ እየለቀመ ከጻፈ ሕመምተኛውን አያየውም፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ማስታወሻው በወረቀት ይቀጥል፣ ምርመራው (ዲያግኖሲሱ) ብቻ ከዝርዝር ይመረጥ።

ወረቀትና ኮምፒውተር ጎን ለጎን የሚሄዱት ቢበዛ አራት ሳምንት ነው። ከዚያ ካለፈ ሠራተኛው ድርብ ሥራ ይሰለቸውና አንዱን ይተዋል፤ የሚተወውም ሁልጊዜ አዲሱን ነው። በእነዚያ አራት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት የመረጃ ባለሙያው መስኮቱ አጠገብ ይቁም፣ ቢሮው አይቀመጥ። የካርድ ክፍሏ አንጋፋ ሠራተኛ በተለይ ትደመጥ፤ መልክ አይታ ካርድ የምታገኝ፣ የየሰፈሩን ስም አጠራር የምታውቅ እሷ ናት። «ይህ ቁልፍ የት ገባ?» ያለችውን ያህል «ይህ ሰፈር ዝርዝሩ ውስጥ የለም» ያለችውንም ጻፉ። የአድራሻ ዝርዝሩ ገንደ ቆሬን፣ አፈተኢሳን፣ ለገሃሬን፣ መልካ ጀብዱን በአንድ አጻጻፍ መያዙን እሷ ታረጋግጥ። ከሽንሌ ወይም ከሌላ አካባቢ ለመጣ «ከከተማው ውጭ» የሚል ምርጫ ከነ ወረዳው ይኑር፤ አለዚያ ጸሐፊው ቀበሌ 01 ብሎ ይሞላውና ሪፖርቱ ላይ የሌለ ወረርሽኝ በአንድ ሰፈር ይታያል።

በመጀመሪያ ሳምንት የቆጠራችሁትን ደቂቃ በስድስተኛው ወር እንደገና ቁጠሩ፤ በዚያው ልክ፣ በዚያው ሰዓት፣ አሥር አሥር ሰው። ድጋሚ ካርድ በመቶ ስንት እንደሆነም እዩ። ደቂቃው ቀንሶ ድጋሚው ከጨመረ ሠራተኞቹ ሳይፈልጉ አዲስ እያወጡ ነው፤ «አዲስ መዝግብ» የሚለው ቁልፍ ፍለጋ ካልተደረገ እንዳይከፈት አስደርጉ።

አሮጌዎቹን ፎልደሮች አታቃጥሉ፣ ለመጠቅለያም አትስጡ። የድሮው ካርድ ቁጥርና የመደርደሪያው ቦታ በሲስተሙ ውስጥ የራሱ ሳጥን ይኑረው፤ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ የቀዶ ሕክምና ታሪኩን ሊፈልግ ይችላል። መደርደሪያው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፣ የታችኛው ደረጃ ባዶ ይተው፤ ምስጥ የሚጀምረው ከግድግዳና ከመሬት ነው። በየሦስት ወሩ ከታች ወደ ላይ አምስት አምስት ፎልደር እየሳባችሁ ጀርባቸውን እዩ፤ የአፈር መስመር ካያችሁ በዚያው ቀን የመደርደሪያውን ሙሉ ረድፍ አውጡና ፀሐይ ላይ ዘርጉ።